አሥራ ሰባት ሚሊሜትር

ሰኞ 3

ዛሬ የታላቅ ወንድሜን ሲቲ ስካን ያነሳሁት እኔ ነኝ። ራጅ ክፍል ውስጥ መሥራት ከጀመርኩ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። ጋሼ ሸሚዙን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ ሲተኛ የጎድን አጥንቶቹን አንድ በአንድ መቁጠር ይቻል ነበር። አንድ ግቢ ውስጥ እየኖርን፣ ይህን ሰው በየቀኑ ሳየው ምን እያየሁ ነበር?

በቀኝ ሳንባው የላይኛው ክፍል አንድ ነጭ ክብ ነገር አለ። ለካሁት፤ አሥራ ሰባት ሚሊሜትር። መለካት የኔ ሥራ አይደለም። እኔ አነሳለሁ፣ የሚያነበው የራዲዮሎጂ ዶክተር ነው። ግን ለካሁት።

ዶክተሯ ከጀርባዬ ቆማ አየችና «ከዚህ በፊት የተነሳው የደረት ራጅ አለ?» አለችኝ።

«የለም» አልኳት።

ማለቴ፣ ሪፖርት የተጻፈለት የለም። የጠየቀችኝ እሱን መስሎኝ ነው።

ማክሰኞ 4

የወንድሜ ሚስት ከሥራ ስገባ በር ላይ ጠበቀችኝ። እታለም ነው የምላት። ለነገር ጊዜ አትሰጥም።

«አንቺ፣ ያኔ ንፁህ ነው ብለሽን አልነበር?»

«ያኔ ሌላ ነው፣ አሁን ሌላ ነው» አልኳት።

«ደረት ያው ደረት አይደለም እንዴ? ስንት ደረት ነው ያለው ባሌ?»

ሳቅኩ። እሷም ሳቀች። ከዚያ ወደ ቤቴ ገባሁ። ያኔ ማለት ከአራት ወር በፊት ነው። ሳሉ አልለቅ ሲለው እታለም ራሷ ናት «አንቺ እያለሽ ምን ያሰልፈዋል፣ አንስተሽ እይው» ያለችኝ። በሥራ መውጫ ሰዓት አመጣሁት፣ አነሳሁት፣ አየሁት። እንዲህ ያለ ነገር ሁሉም ያደርጋል።

ረቡዕ 5

ዘጠኝ ታካሚ። አንዱ ማሽን ተበላሽቷል። ምሳ አልበላሁም። የጋሼ ሪፖርት ገና አልወጣም።

ሐሙስ 6

በምስል እየታየ መርፌ የሚገባላቸውን ታካሚዎች አስቀድሜ የማስረዳው እኔ ነኝ። ዓመታት ስለተናገርኩት በቃሌ ይወጣል። «ሙሉ ማደንዘዣ አይሰጥም፤ ነቅተው ነው የሚሠራው። ቆዳው ይደነዝዛል። እንደ ጉንዳን ንክሻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ምንም አይሰማም። ማሽኑ መርፌው የት እንዳለ ያሳየናል። ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው።» አንዳንዱ ፊቱ ይፈታል፣ አንዳንዱ ይፈርማል እንጂ አይሰማኝም።

ባለፈው ሳምንት ከጉበታቸው ናሙና የተወሰደላቸው ጡረተኛ ፀጉር አስተካካይ ውጤት ሊወስዱ መጥተው በመስኮቱ በኩል ጠሩኝ።

«ልጄ፣ ያ የነገርሽኝ ጉንዳን የት ነው የሚኖረው?»

«ምነው አባባ?»

«አይ፣ ጫማ ያደረገ ጉንዳን ስለገጠመኝ ነው።»

ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ሁሉ ሳቁ። እሳቸው ግን እየሳቁ አልነበረም። እጃቸውን ጎናቸው ላይ አድርገው «ቢያምም አይከፋኝም ነበር፤ አያምም ስላልሽኝ ነው የደነገጥኩት» አሉኝ። ይቅርታ ጠየቅኩ። ቀኑን ሙሉ ከራሴ አልወጣ አለኝ።

ቅዳሜ 8

ጋሼ ግቢው ጥግ ባለው የእንጨት ሥራ ክፍሉ ውስጥ የበር ጣውላ ይልግ ነበር። ሃምሳ ስድስት ዓመቱ ነው። ሲጋራ ካቆመ ስምንት ዓመቱ፤ የእንጨት ብናኙን ግን አላቆመም። በየሦስት አራት ግፊቱ ያርፋል። ድሮ እንዲህ አልነበረም።

«ዶክተሯ መርፌ ታስገባ ይሆናል አለችኝ» አለ ቀና ሳይል። «ሳንባ እኮ ይንቀሳቀሳል። የሚንቀሳቀስ ነገር ላይ እንዴት ነው ቀዳዳ የምትመቱት?»

«ትንፋሽህን እናስይዝሃለን። ከዚያ አንድ ምስል እናነሳለን፤ መርፌው የት እንደደረሰ ያሳያል። ትንሽ ይገፋል። እንደገና ይነሳል።»

«እያያችሁ አይደለማ የምትገፉት። አይታችሁ፣ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ትገፋላችሁ፣ ከዚያ እንደገና ታያላችሁ።»

እንዲህ አድርጎ የነገረኝ ታካሚ የለም። ትክክል ነው ያለው።

«እኔ በር ላይ ቁልፍ ስገጥም በሩን ሰው ይይዝልኛል» አለ።

«ያው ነው። አንተም ራስህን ትይዛለህ።»

መላጊያውን አስቀመጠና አየኝ። «ትንሿ፣ ክፉ ነገር ነው እንዴ?»

«ሳይታወቅ ምን ይባላል» አልኩት። ለስንት ሰው ያልኩት ቃል ነው። በዚያች ሰዓት ከአፌ ሲወጣ ግን የሌላ ሰው ድምፅ መሰለኝ።

ሰኞ 10

ጠዋት ማንም ሳይገባ የድሮውን ፊልም ከማሽኑ ማከማቻ ውስጥ ፈለግኩት። በስሙ አልተመዘገበም። «ሙከራ» ብዬ ነው ያስቀመጥኩት።

የመጀመሪያው የጎድን አጥንት ከአንገት ሥር አጥንት ጋር የሚደራረብበት ቦታ ነው። እዚያ ቦታ ሁልጊዜ ነጭ ይበዛል፤ አዲስ ተማሪ እንኳ ያውቀዋል። ትንፋሹንም በደንብ አልሳበም ነበር። ጥራቱ ጥሩ አይደለም። በዚህ ላይ ተመሥርቶ ማንም ምንም ሊል አይችልም።

አሥራ ሁለት ሚሊሜትር።

ረቡዕ 12

ዶክተሯ ሪፖርቱን ከመፈረሟ በፊት አስጠራችኝ። ጋሼ ሳል ይዞት ስለከረመ ኢንፌክሽን ትቶት የሄደው ጠባሳ ሊሆን ይችላል ብላ ታስባለች። «መርፌም የራሱ አደጋ አለው፤ ሳንባ አየር ሊያፈስ ይችላል። ለውጥ እንዳለው ባውቅ ኖሮ አላመነታም ነበር። የድሮ ፊልም በእርግጥ የለውም? ሌላ ጤና ጣቢያ እንኳ አልተነሳም?»

«እጠይቀዋለሁ» አልኳት።

ማንን ነው የምጠይቀው?

ሐሙስ 13

«መድኃኒት ይውሰድ፤ በሦስት ወር ሲቲ ስካን ይደገም።» ተፈርሞ ወጣ።

እታለም ደስታዋን የምታደርግበት አጣች። ጋሼ ጉንጬን መታ መታ አድርጎ «አንቺ ደግሞ ፊትሽን አጥቁረሽ አስደነገጥሽኝ» አለኝ። ሁሉም ደስ ብሎታል። ዶክተሯ ከኔ የተሻለ ታውቃለች። ሃያ ዓመት ያነበበች ሴት ናት። ሦስት ወር ብዙ አይደለም።

እሑድ 16

ቤት ነበርኩ። ልብስ አጠብኩ። ጋሼ ከግቢው በር እስከ ሥራ ክፍሉ አንድ በር ተሸክሞ ገባ። ሃያ ሁለት እርምጃ ነው። ሁለት ጊዜ አረፈ። ሳለ፤ አሥራ አንድ ጊዜ። ምን ሆኜ ነው የምቆጥረው?

አራት ወር ውስጥ አምስት ሚሊሜትር። በሚቀጥለው ሦስት ወር ስንት? ስሌቱን ወረቀት ላይ ሠርቼ ቀደድኩት።

ሰኞ 17

ተናገርኩ።

ዶክተሯ ኮቷን ሳትሰቅል ገባሁባት። ፊልሙን ስክሪኑ ላይ ከፈትኩላት። «ይህ የማነው?» አለች። ነገርኳት። ወንበሯን ስባ ተቀመጠች።

«ማን አነበበው?»

«እኔ።»

«አንቺ አታነቢም።»

«አውቃለሁ።»

«ንፁህ ነው አልሽው?»

«አዎ።»

ትቆጣለች ብዬ ነበር። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ሁለቱን ምስሎች ጎን ለጎን አድርጋ ለካችና «ባለፈው ሐሙስ የፈረምኩት ሪፖርት ስህተት ነው» አለች። «ስህተት ያደረግሽው ግን አንቺ ነሽ። ሁለት ጊዜ ጠየቅኩሽ።» ከዚያ ቀጠሮ መጻፍ ጀመረች። ናሙናው በሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ይወሰዳል። ለክፍሉ አለቃ ራሴ እንድነግረው፣ ለወንድሜም ዛሬ ወይ ነገ ራሴ እንድነግረው አዘዘችኝ። «ከኔ አፍ ከሰማው ሁለታችሁ ትጠፋፋላችሁ» አለች።

ማክሰኞ 18

ፊልሙን አትሜ ይዤው ሄድኩ። ባዶ እጄን ብሄድ የምሸሽ ስለመሰለኝ ነው።

እታለም ሥራ ክፍሉ በር ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ነበር። ጋሼ ብርጭቆ ወረቀት ይዞ የመስኮት ፍሬም ያለሰልሳል። «ያኔ የተነሳኸው ነው» ብዬ ሰጠሁት። ወደ መስኮቱ ወስዶ ብርሃን ላይ ዘረጋው። ላብራራለት አፌን ስከፍት ጣቱን ፊልሙ ላይ አሳረፈ።

«ይቺ ናት?»

የት እንደሆነ ገና አልነገርኩትም ነበር።

«አዎ» አልኩት።

«ያኔም ነበረች።»

«ነበረች።»

ፊልሙን አጣጥፎ ሳይሆን እንደነበረ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። «እኔ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጣውላ ውስጥ የተደበቀ አንጓ ስፈልግ ነው የኖርኩት» አለኝ። ድምፁ ከፍ አላለም። «አንቺስ ምን ስትፈልጊ ነው የኖርሽው?»

እታለም ነች የጮኸችው። «ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ስጠይቅሽ ሳቅሽብኝ! ደረት ያው ደረት ነው ስልሽ አብረሽኝ ሳቅሽ!»

 ፊልሙን ያነሳሁበት ቀን ከሥራ በኋላ ጡረታ ለሚወጣ ባልደረባ ሽኝት ነበር፤ ኬክ ሊቆረስ ሰዓቱ ደርሶ ነበር። ፊልሙን ያየሁት ቦርሳዬን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ቆሜ ነው። ይህን ለእነሱ አልነገርኳቸውም። እዚህ ብቻ ነው የጻፍኩት። ጥላዋን አየሁ? አንድ ነገር ዓይኔን ያዝ አድርጎት እንደነበረ አስታውሳለሁ። ከዚያ የአጥንት መደራረብ ነው ብዬ አጠፋሁት። አላየሁትም ማለት አልችልም።

ሐሙስ 20

አለቃዬ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሰጠኝ። ለሁለት ወር ብቻዬን አልሠራም። «ሰው ሁሉ ዘመዱን ሳያስመዘግብ ያነሳል፤ ያንቺው ታወቀ እንጂ» አለኝ፣ ሊያጽናናኝ ፈልጎ። አላጽናናኝም። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል ይባላል። ጋሼ እንደማንኛውም ሰው ተሰልፎ ቢሆን ኖሮ ፊልሙን ሐኪም ያነበው ነበር። እኔ በመኖሬ ነው የተጎዳው።

ቤት ውስጥ ማንም አያናግረኝም። እታለም ሰላምታዬን ትመልሳለች፤ ከአንገት በላይ ነው።

ቅዳሜ 22

እሱን የምታስረዳው እኔ እንዳልሆን ጋሼ ራሱ ጠየቀ። ነርሷ ነች ያስረዳችው፤ ለሚሠራ ሰው ጊዜ እንዲመች ብላ ቅዳሜን መረጠችለት። ቀጥሎ ያለው ክፍል ውስጥ አንሶላ እያጠፍኩ ሰማሁ። ላዳምጥ ብዬ አልነበረም፤ ግድግዳው ስስ ነው።

«ስድስት ሰዓት ምግብ አይበሉም። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ይወስዳሉ?»

«አልወስድም።»

«በሆድዎ ነው የሚተኙት። መርፌው በጀርባዎ በኩል ይገባል። ከተፈጸመ በኋላ በጀርባዎ ይተኛሉ፤ የተወጋው ቦታ ወደ ታች ሲሆን አየር እንዳያፈስ ይረዳል።»

«ካፈሰሰስ?»

«ከአራት አምስት ሰው አንዱ ላይ ጥቂት ያፈሳል። ብዙውን ጊዜ ራሱ ይጠፋል። ከበዛ ቀጭን ቱቦ ይገባል። ትንሽ ደም ሊያስልዎትም ይችላል፤ አይደንግጡ።»

 ከዚያ «መርፌውን የምትይዘው ሴትዮ እጇ አይንቀጠቀጥም?» ብሎ ጠየቀ።

«የሷ አይንቀጠቀጥም። የእኛ ነው የሚንቀጠቀጠው» አለች ነርሷ። ሁለቱም ሳቁ።

ነርሷ የነገረችውን ቆጠርኩት። እኔ ለታካሚ የማልነግረው አራት ነገር ነገረችው።

ረቡዕ 26

ነገ። ተረኛው የራጅ ባለሙያ ሌላ ነው። እኔ ወደ አልትራሳውንድ ክፍል ተመድቤያለሁ። ጥሩ ነው።

ሐሙስ 27

ጥሩ አልሆነም። ተረኛው ባልደረባዬ ደረጃ ላይ ወድቆ የእጁ አንጓ ዞረ። ሌላው ፈቃድ ላይ ነው። ቀጠሮው ይተላለፍ ወይ ሲባል ዶክተሯ ወደ ጋሼ ገባች። በሩ ክፍት ነበር።

«ማሽኑን የምታንቀሳቅሰው እህትዎ ናት የቀረችው። እኔ አጠገቧ አለሁ። ካልፈለጉ ሌላ ቀን እናደርገዋለን።»

ጋሼ ጋውን ለብሶ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጧል። እግሮቹ ከጋውኑ ሥር ቀጥነው ይታያሉ። ወደ በሩ አላየም። «ማሽኑን ታውቀዋለች?» አለ።

«ከማንም በላይ።»

«እንግዲያው ምን ያስቀጥረናል።»

በሆዱ ተኛ። ጀርባው ላይ ምልክት ያለበት ፕላስተር ለጠፍኩ፤ እጄ ቆዳውን ሲነካ ጡንቻው ተኮማተረ። ብርድ ይሁን እኔ እንጃ። ከዚያ ሁላችንም ወጣን፤ ምስል ሲነሳ ክፍሉ ውስጥ ከታካሚው በቀር ማንም አይቀርም። እኔ በመስታወቱ ማዶ ማይኩ ጋ ተቀመጥኩ። ዘጠኝ ቀን ሙሉ አንድ ቃል አልተነጋገርንም፤ አሁን የመጀመሪያውን ቃል መናገር ነበረብኝ።

«ትንፋሽ ሳብ።»

ሳበ።

«ያዝ።»

ያዘ። ጠረጴዛው ገባ፣ ወጣ።

«ልቀቅ።»

ለቀቀ።

ችግሩ፣ ሰው በየጊዜው የሚስበው ትንፋሽ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዴ ጥልቅ፣ አንዴ አጭር ከሆነ ያቺ ክብ ነገር ከጎድን አጥንቱ ጀርባ ትገባለች። ብዙ ታካሚ እዚህ ላይ ነው የሚያስቸግረው። ጋሼ ግን አንድ ጊዜም አላዛነፈም። የሳበው ሁሉ እኩል ነበር፤ መለኪያ ዘርግቶ የሚስብ ይመስላል።

ዶክተሯ ጀርባውን በቀዝቃዛ ፈሳሽ አጸዳች፣ አረንጓዴ ጨርቅ አለበሰች፣ ማደንዘዣውን ወጋች። ትከሻው ዘለለ። ከዚያ ረጅሙ መርፌ። ገፋችው፣ ወጣች፣ «ሳብ፣ ያዝ፣ ልቀቅ»፤ ስክሪኑ ላይ መርፌው ነጭ መስመር ሆኖ ይታያል። ሁለት ዲግሪ ወደ ግራ። እንደገና ገባች። «ሳብ፣ ያዝ፣ ልቀቅ።» ጫፉ ክቧን ነካ። ናሙና ቆራጩ ሦስት ጊዜ ጠቅ አለ፤ ሦስት ቁራጭ ሥጋ ወጣ፣ እያንዳንዱ ከክር ብዙም አይወፍርም። አርባ ደቂቃ። ሲያበቃ ሳለ፤ ሶፍቱ ላይ ትንሽ ደም ወጣ። አልደነገጠም፤ ነግረውታል።

ከአንድ ሰዓት በኋላ የደረት ራጅ አነሳሁ። ዶክተሯ አጠገቤ ሆና አነበበችው። ሳንባው ጫፍ ላይ ቀጭን የአየር መስመር አለ። ከአራት ሰዓት በኋላ እንደገና ተነሳ። መስመሩ አልጨመረም። አዳሩን ኦክስጅን ተደርጎለት ይቆያል ተባለ። እታለም ኮሪደሩ ላይ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ፤ አሁንስ ጨምሬ እጠረጥራለሁ» አለች፣ ለማንም ሳይሆን። ከዚያ አጠገቧ ያለውን ወንበር በእግሯ ገፋ አድርጋ «ተቀመጪ፣ ተገትረሽ ትውያለሽ እንዴ» አለችኝ።

ተቀመጥኩ።

አርብ 28

አየሩ ቀንሷል። ቱቦ አላስፈለገም። ወደ ቤት ገባ።

እሑድ 30

እታለም ወጥ ቤት ውስጥ ሽንኩርት እየከተፈች፣ ጋሼ ከሳሎን አልጋው ላይ ሆኖ፣ እኔ በራፉ ላይ። ለታካሚ የምናገረውን ላስተካክል ስለፈለግኩ ምን እንደተሰማው ልጠይቀው ነበር የመጣሁት። ጋሼ ገና ስለማያናግረኝ እታለምን ጠየቅኳት።

«ጠይቂው ትላለች» ብላ ጮኸች።

«ንገሪያት» አለ ከውስጥ። «ማደንዘዣው እሳት ነው። እስከ አሥራ አምስት ብትቆጥሪ ይበርዳል። ከዚያ ሕመም የለም፤ መገፋት ነው ያለው። ጀርባሽን ሰው በአውራ ጣቱ የሚገፋሽ ይመስላል።»

«ይገፋል ይላል።»

«ሰምቻለሁ እኮ፣ እታለም።»

«ዝም በይ፣ እኔ ነኝ መልእክተኛዋ!»

«ጠቅ ሲል ደግሞ አስቀድመው ይንገሩ» አለ። «የተሰበረ ነገር መስሎኝ ነበር። ከሁሉ የከፋው ግን መርፌው አይደለም። ሁላችሁም ጥላችሁኝ ስትወጡ ነው። መርፌው ጀርባዬ ላይ ቆሞ፣ ክፍሉ ባዶ ሲሆን።»

እሷ አላስተላለፈችም። ቢላዋዋን አስቀመጠች። እኔ ጻፍኩት። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ከመስታወቱ ማዶ ሆኜ፣ ይህን የጠየቅኩት ሰው የለም።

(አዲስ ወር) ማክሰኞ 2

ውጤት የለም። ላቦራቶሪውን ሁለት ጊዜ ጠየቅኩ። ሦስተኛ እንዳልደውል ዶክተሯ ከለከለችኝ።

ዛሬ ለአንዲት አስተማሪ ሳስረዳ «ለጥቂት ሰከንድ ያቃጥላል፤ እኔ እቆጥርልዎታለሁ። እኛ ስንወጣ ብቻዎን ይሆናሉ፣ ግን አይዎታለሁ፣ ድምፄም አይጠፋም» አልኳት። «ሌላው ሁሉ አያምምም ነው ያለኝ። አንቺን ነው የማምነው» አለች። እኔን።

ሐሙስ 4

ካንሰር ነው።

ዶክተሯ ሦስታችንንም አስቀምጣ ነገረችን። ትንሽ ነው፣ አንድ ቦታ ነው፣ ሊወጣ ይችላል፤ ግን ወደ ሌላ ቦታ አለመሠራጨቱ መታየት አለበት። እታለም ቦርሳዋን ጨምቃ ይዛለች። ጋሼ «ሦስት ወር ጠብቀን ቢሆን ኖሮስ?» አለ።

ዶክተሯ አላመነታችም። «የዛሬውን ያህል በልበ ሙሉነት አልናገርም ነበር።»

«ከአራት ወር በፊት ቢሆንስ?»

«ከዛሬው ይቀልል ነበር።»

ጋሼ ራሱን ነቀነቀ። ወደ እኔ አላየም። ምን ያህል ይቀልል እንደነበር አልጠየቀም። እኔም አልጠየቅኩም። ቤት ስገባ ጫማዬን ሳላወልቅ አልጋ ላይ ተቀመጥኩ። እስኪጨልም ድረስ።

ሐሙስ 11

የተሠራጨ ነገር አልታየም። ቀዶ ጥገናው የፊታችን ማክሰኞ። ጽሑፍ አልመጣልኝም።

ማክሰኞ 16

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ገባ። ስድስት ሰዓት ላይ ወጣ። የቀኝ ሳንባው የላይኛው ክፍል ተነሥቷል። ተርፏል። ተርፏል።

ቅዳሜ 20

ሁለት ቱቦ ጎኑ ላይ አለ። ከሥራ በፊት ጠዋት ጠዋት እሄዳለሁ። ትራሱን አስተካክላለሁ፣ ውኃ እሰጠዋለሁ፣ እንዲተነፍስበት የተሰጠውን ኳስ ያለበትን ዕቃ እይዝለታለሁ። ሲስብበት ፊቱ ይጠቁራል። «በቃ?» ይለኛል። «ገና ሦስት ቀርቷል» እለዋለሁ። የምንነጋገረው ይኸው ነው። አንድ ቀን እታለም ለጎረቤት አልጋ አስታማሚ ሴትዮ «እህቱ ናት፤ ጠዋት ጠዋት ታሰቃየዋለች» ስትል ሰማሁ። ስድብ አልመሰለኝም።

ሐሙስ 25

ወደ ቤት ተመለሰ። አለቃዬ በክፍሉ በር ላይ አዲስ ማስታወቂያ ለጠፈ። ያልተመዘገበ፣ ሐኪም ያላነበበው ምስል አይነሳም ይላል፤ ዘመድም ቢሆን። ከሥሩ ሁላችንም ፈረምን። ከምሳ በኋላ አንዲት ጽዳት ሠራተኛ የባሏን እግር እንዳነሳላት ለመነችኝ። ካርድ አውጥቶ እንዲሰለፍ ነገርኳት። «ምን ዓይነት ሰው ሆንሽ?» ብላ ሄደች።

(አዲስ ወር) ሰኞ 6

የተነሣው ሥጋ ምርመራ ደረሰ። ዙሪያው ንፁህ ነው። እጢዎቹም ንፁህ ናቸው። ሌላ ሕክምና አያስፈልገውም፤ በየስድስት ወሩ ሲቲ ስካን ይነሳል። ወረቀቱን ዶክተሯ ራሷ አነበበችለት። እኔ ወረቀቱን አልነካሁትም።

እታለም ግን መጥታ አንገቴን አቅፋ አለቀሰች። ከዚያ በዚያው ቅፅበት «አልማርኩሽም ደግሞ፣ እንዳይመስልሽ» አለችኝ፣ አፍንጫዋን በነጠላዬ እየጠረገች።

ቅዳሜ 18

ጋሼ የቀኝ ክንዱን ከትከሻው በላይ ማንሳት ገና አይችልም። ጀምሮ የተወው የመደርደሪያ ሥራ አለ። ደንበኛው ሁለት ጊዜ ጠይቋል። ከሰዓት በኋላ መላጊያው ሲንቀሳቀስ ስሰማ ሮጬ ሄድኩ። በግራ እጁ ይሞክራል። ጣውላው ይሸሽበታል።

«ያዢልኝ» አለ።

ከወዲያኛው ጫፍ ያዝኩት። ገፋ። ቀጭን የእንጨት ፍቅፋቂ ተጠቅልሎ ወደቀ። እንደገና ገፋ። 

«ገና እንደተናደድኩብሽ ነው» አለ፣ ዓይኑን ከጣውላው ሳያነሳ።

«አውቃለሁ።»

«ጠዋት ስነሳ ትዝ ይለኛል። ጥርሴን ስቦርሽ ትዝ ይለኛል።»

«እኔም።»

«እየቀነሰ ግን ነው።»

አፌ ላይ ስለመጣ ብቻ «ዶክተሯ ትለካው?» አልኩት።

መላጊያው ቆመ። ጥፋት የሠራሁ መስሎኝ ጣውላውን ልለቀው ነበር። ጋሼ ጎኑን በክርኑ ደግፎ ጎንበስ አለ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። መሳቁ ነው። «አታስቂኝ! ስፌቱ! አንቺ ልጅ፣ ስፌቱ!» እያለ በሌላ እጁ ጠረጴዛውን ይመታል፣ እንባው በጉንጩ ይወርዳል። እታለም ምን ሆነ ብላ ሹካ እንደያዘች መጣች። አይታን ተመለሰች።

ሲረጋጋ ጣውላውን ገለበጥነው። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ አራት ላግን። አምስተኛው ጠማማ ነበር፤ አይቶት ግድግዳው ጋ አስደገፈው።